ደብሪቱ ስትታጠቅ

አንዳንድ አባባል አለ፤ ሽማግሌ ለዳኝነት፣ እናት ለምክር፣ ጎረቤት ለሽሙጥ ያነሣዋል፤ ከየት እንደ መጣ ግን የሚጠይቅ የለም። እኔም አልጠየቅሁም ነበር። አንድ ቀን አክስቴ እማዋይሽ ከነዚህ አባባሎች አንዱን ጣል አደረገችና፣ «የማን ነገር እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«የማንም አይደል፤ ተረት ነው» አልኋት።

«አዬ ልጄ! ተረትም እኮ እናት አለው» አለችና ሥራዋን አስቀምጣ ተቀመጠች። የትኛው አባባል እንደሆነ አሁን አልነግራችሁም። አክስቴ ባወራችልኝ መንገድ ላውራችሁ፤ መጨረሻው ላይ እንገናኛለን። በሌላ አገር ሌላ መነሻ ይሰጡት ይሆናል፣ አልጣላም። የወፍ አፋፍ ሰው ግን የኛ ነው ብሎ ይምላል።

ወፍ አፋፍ ከበሽሎ ሸለቆ በላይ ገደል ጫፍ ላይ የተቀመጠች መንደር ናት። ዶሮ እንኳ በዚያ በኩል ስትጭር እያየች ነው ይላሉ። ከመንደሩ ሥር ያለው ገደል ንብ ገደል ይባላል። ከአፋፉ አሥር ሰው ቢደራረብ በሚደርስበት ጥልቀት ላይ አንዲት ጠባብ እርከን አለች፤ ከእርከኗ በላይ ባለው የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ንብ ከጥንት ጀምሮ ይሠራል። ማሩ ነጭ ነው። የዚያን ማር የቀመሰ ሰው ሌላውን ማር «ይሁን» ብሎ ነው የሚበላው።

የዚህ ገደል ማር ቆራጭ ደብሪቱ ክንዴ ነበረች። ሴት ናት። ይህን ለይቼ መናገሬ፣ በዚያ ዘመን ገደል መውረድ ቀርቶ ሴት ዛፍ ላይ ወጥታ ከታየች ሽማግሌ ተሰብስቦ ይመክርባት ስለነበር ነው።

ሥራው የአባቷ የአያ ክንዴ ነበር። አያ ክንዴ ሃያ ዓመት ሲወርድ ሲወጣ ኖሮ፣ አንድ ቀን ዝናብ ሊመጣብኝ ነው ብሎ በጥድፊያ ታጥቆ ወረደ። ቋጠሮው አልያዘም። ሸለቆው ውስጥ ባይገባም እርከኗ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ከደጁ መደብ አልራቀም። ወንድ ልጅ አልነበረውም። ገመዱ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ አንድ ክረምት አለፈ። መስከረም ሲጠባ ደብሪቱ አወረደችውና ቅቤ ትቀባው ጀመር።

«ምን ልታደርጊው ነው?» አላት አባቷ።

«እንዳይደርቅ ነው።»

«ባይደርቅስ? ማን ሊወርድበት?»

«ቅቤ የቀባው ሰው» አለችው።

የመንደሩ ወንዶች ገመድ አንይዝም አሉ፤ «የሴት ሬሳ በእጃችን አይጎተትም» ብለው ማሉ። እሷም አልለመነቻቸውም። ታናሽ እህቷን ሙጪትን አስከትላ ከቤት ቤት ዞረች። እንስራ ሙሉ ውሃ አዝሎ ከወንዝ አቀበት የሚወጣ ክንድ በየቤቱ ሞልቷል፤ ስድስት ሴቶች ተገኙ። ስድስቱን የሚያዝዟቸው እመት አጥናፏ ነበሩ። እመት አጥናፏ ሰማንያን የዘለሉ ባልቴት ናቸው፤ ጥርሳቸው አልቋል፣ ምላሳቸው ግን አልዶለዶመም። ንብ ገደል የተወረደበትን የጠፍር ገመድ ሁሉ የጎነጎኑት እሳቸው ናቸው።

ደብሪቱ አንድ አመል ነበራት፤ ስትታጠቅ አትቸኩልም። መጀመሪያ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በክንድ በክንድ ትዳስሰዋለች። ቀጥላ ሰፊውን ጠፍር ወገቧ ላይ ትጠመጥማለች፣ በጭኖቿ መካከል ታሳልፈዋለች፣ ከገመዱ ጋር ትቋጥረዋለች። ቋጥራ ስትጨርስ ትፈታዋለች! እንደገና ትቋጥረዋለች። እንደገና ትፈታዋለች። ሦስተኛውን ቋጥራ፣ ሙጪት ቋጥኝ ረግጣ ባላት ኃይል ስባው ካልተንቀሳቀሰ ነው «ልቀቁኝ» የምትለው።

«ደብሪቱ እስክትታጠቅ ጥጃ ኮርማ ይሆናል» እያሉ ወንዶቹ ይስቁባት ነበር። ስምንት ዓመት ሳቁ፤ ስምንት ዓመትም ማሯን በሉ። እሷ በማሩ አባቷን ጦረች፣ ሙጪትን ዳረች። ወልዳ የተኛች ሴት ካለች የመጀመሪያው ቅል ማር ወደዚያች ቤት ነበር የሚሄደው።

የመንደሩ ጭቃ ሹም ዳምጤ ግን ነገሩ አልተዋጠለትም። ገደሉን ለወንድሙ ለመስጠት ሰበብ ይፈልግ ነበር።

እንዲህ እያለ በአንድ የታኅሣሥ ረፋድ ባሻ ቸኮል የሚባል ሰው መጣ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? ይህን ስም ያወጣው መልአክ ራሱም ችኩል ሳይሆን አይቀርም። ባሻ ቸኮል የደጃዝማቹ ጠጅ ቤት አለቃ ነው። ደጃዝማቹ በጥር ልጃቸውን ሊድሩ ነበርና፣ ጠጁ ተጥሎ ለሰርጉ እንዲደርስ ሁለት ጉንዶ የንብ ገደል ነጭ ማር በሦስት ቀን ውስጥ አምጣ ብለውታል። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ እጁ የተፈታ፣ ጨዋታ አዋቂ ነው። ጥድፊያው ብቻ ነው የሚያስቸግረው። ጸሎት ሲያደርስ እንኳ «አሜን»ን አስቀድሞ ነው ይሉታል።

ከበቅሎው ሲወርድ አንድ እግሩን ከእርካቡ ሳያወጣ መናገር ጀመረ። በቅሎዋ ደግሞ ሣር አይታ ጉዞዋን ቀጠለች። ባሻ በአንድ እግሩ እየዘለለ ተከተላትና፣ «ማር! ሁለት ጉንዶ! ነጭ! የደጃዝማች ትእዛዝ ነው!» እያለ ሕዝቡን አቋርጦ አለፈ።

እመት አጥናፏ ከተቀመጡበት ሆነው፣ «እግዜር ይመስገን ልጄ፣ እኛም ደህና ነን» አሉት።

ጭቃ ሹሙ ሮጦ በቅሎዋን ያዘለት። እህል ቅመስ ቢለው ቆሞ ጎረሰ፤ ጠላ ቢሰጠው ግማሹን በአንገቱ ጠጣው።

«ማር ቆራጩ የታለ?»

ጭቃ ሹሙ አፋፉ ላይ ተቀምጣ ገመድ የምትዳስሰውን ደብሪቱን በአገጩ አሳየው።

«እቺ? ሴት?»

«አዎን፣ ሴት ነኝ» አለች ደብሪቱ፤ «እንደምን ዋሉ?»

ባሻ አፈር አለ። «እግዚአብሔር ይመስገን... መቼ ነው የምትወርጂው?»

«ታጥቄ ስጨርስ።»

«መቼ ትጨርሻለሽ?»

«ጥጃ ኮርማ ሲሆን!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሳቁ አፋፉን ሞላው።

ባሻ ቆሞ ያያት ጀመር። ደብሪቱ ጠፍሩን ጠመጠመች፣ ቋጠረች። ባሻ «ተመስገን» አለ። ፈታችው።

«ምነው ፈታሽው?»

«እኔ ካልፈተንሁት ገደሉ ይፈትነዋል።»

ባሻ ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ ተመለሰ፤ ፀሐይዋን አየ፣ በቅሎዋን አየ። ጭቃ ሹሙ ጠጋ አለና በጆሮው አንድ ነገር አንሾካሾከ። ባሻ ፊቱ በራ።

«ስሙኝ!» አለ እጁን አንሥቶ። «እቺ ሴት ታጥቃ ሳትጨርስ እኔ ወርጄ፣ ማሩን ቆርጬ እወጣለሁ! ከወጣሁ ገመዷን ትስቀል፤ ከዛሬ ወዲያ ገደሉ የወንድ ይሁን!»

«ካልወጡስ?» አለች ሙጪት።

«ካልወጣሁማ የእህትሽን ገመድ በገዛ እጄ እይዛለሁ! በደጃዝማች ፊትም ማሩን ያመጣችው እሷ ናት ብዬ እመሰክራለሁ!»

«ባሻ» አለች ደብሪቱ ቀና ብላ፣ «ገደል ውርርድ አይሰማም። እኔም አልወራረድም። ቁጭ ብለው ይጠብቁኝ፤ ፀሐይ ሳይዘቀዝቅ ማርዎን ጭነው ይሄዳሉ።»

«ፈራች!» አለ ጭቃ ሹሙ። «ያልተወራረደ እንደተረታ ይቆጠራል፤ ሁላችሁም ምስክር ናችሁ!»

የደብሪቱ እጅ ቀጥ አለ። ስድስቱ ሴቶች ዓይን ዓይኗን ያዩዋታል። ስምንት ዓመት የወረደችበት ገደል፣ የአባቷ እህል ውሃ፣ የነዚህ ሴቶች ላብ፣ ሁሉም በአንድ ሰው ጥድፊያ ሊሄድ ነው። ብትቆጣ ወደደች፤ ግን ንዴትም እንደ ጥድፊያ እጅ እንደሚያሳስት ታውቃለች።

«መውረዱን ልከለክልዎ አልችልም» አለችው በመጨረሻ። «ግን በድግ አይወረድም። በጠፍር ይታጠቁ፤ ሙጪት ታስርልዎት።»

«እኔን ሴት ልታስታጥቀኝ? ስንት ዘመቻ የታጠቅሁትን ሰውዬ?»

ይህን እያለ ተነሥቶ ሮጠ። እየሮጠ ወገቡ ላይ የጠመጠመውን ነጭ መታጠቂያ ድጉን አላላ፣ እየሮጠ አፋፉ ላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ የሌላ ገመድ ጫፍ አነሣ፣ እየሮጠ ገመዱን ከድጉ ጋር አገናኝቶ ወገቡ ላይ አንድ ጊዜ ቋጠረው። አፋፉ ጋ ሲደርስ ጭቃ ሹሙና ሦስት ሰዎቹ ገመዱን ከወይራ ጉቶ ላይ ጠምጥመው ለመያዝ እንኳ በጭንቅ ነው የደረሱት።

እውነቱ ይነገር፤ ድፍረት አልጎደለውም። አፋፉ ወደ ውጭ የወጣ ስለሆነ ገመዱ ከእርከኗ ርቆ ነው የሚንጠለጠለው፤ ባሻ ሁለት ጊዜ ተወዛወዘና በሦስተኛው እርከኗ ላይ ዘሎ ቆመ። «ደረስሁ!» ብሎ ጮኸ። ከላይ ያሉት ወንዶች አጨበጨቡ። ደብሪቱ ሁለተኛውን ቋጠሮ እየቋጠረች ነበር።

እመት አጥናፏ ገደሉ አፍ ላይ በደረታቸው ተኝተው ወደ ታች ያያሉ።

«ጭሱስ?» አሉ። «ሰውየው ንብ ቤት ያለ ጭስ ገባ እንዴ?»

ባሻ ጭሱን ረስቶታል። ጩቤውን መዝዞ የመጀመሪያውን የማር እንጀራ ሲቆርጥ ንቦቹ ባንድ ላይ ወጡ። ጮኸ። ፊቱን በጥፊ መታ። በዚያች አንድ ክንድ በማትሞላ እርከን ላይ ሦስት እርምጃ ወዲያ፣ ሦስት እርምጃ ወዲህ ሮጠ። ወገቡ ላይ ያለው ቋጠሮ አንዴ ላላ፣ ሁለቴ ላላ፣ ከዚያ ድጉ ተተረተረና ከገመዱ ጋር ተወርውሮ ሄደ።

ከላይ ያሉት ሰዎች ይህን አላዩም።

«ቀለለኝ!» አለ ጭቃ ሹሙ። «እየወጣ ነው! ሳቡ!»

እነሱም በደስታ እየዘፈኑ ሳቡ። የመጣው ግን ድጉ ብቻ ነበር። ጥለቱ ቀይ፣ መሬቱ ነጭ የሆነ አዲስ ድግ ከገመዱ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይውለበለባል፤ ባሻ የለበትም።

ዘፈኑ ቀጥ አለ። ጭቃ ሹሙ ድጉን በሁለት እጁ ይዞ ቀረ። ከዚያ ከታች ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እዚህ ነኝ! ስለ እግዚአብሔር... እዚህ ነኝ!»

ባሻ በሆዱ ተኝቶ የቁጥቋጦ ሥር ጨብጧል። ከእርከኗ ጫፍ አንድ ድንጋይ ተፈንቅሎ ወደቀ፤ ሸለቆው ውስጥ ሲያርፍ ድምፁ የተሰማው ቆይቶ ነው። ሰዎቹ ገመዱን ጣሉለት፤ ግን ከእጁ ሁለት ክንድ ርቆ ተንጠለጠለ። ባሻ ሊዘልለት ተነሣ።

«ባሻ! እንዳይዘሉ!» የሚል ጩኸት ከላይ ወረደ። ደብሪቱ ናት። «ባሉበት ይተኙ! እኔ እመጣለሁ!»

በዚህ ጊዜ ሁለተኛውን ቋጠሮ ጨርሳለች። ሰዉ ሁሉ ከበባት።

«ተነሺ! ሁለቱ ይበቃሻል!»

ጭቃ ሹሙ ተንበረከከ። የደጃዝማች ሰው በግዛቱ ሊሞትበት ነው። «በማርያም! ቶሎ በይ!» አላት፤ እንባው በጢሙ ይወርዳል።

ሙጪት እንኳ አልቻለችም። «እቴ፣ ሰውየው ሊሞት ነው እኮ! ይበቃል!»

አክስቴ እዚህ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ደብሪቱ በኋላ እንዳወራችው፣ በዚያች ሰዓት ጆሮዋ ውስጥ የነበረው የባሻ ጩኸት አልነበረም፤ ከዓመታት በፊት ከዚያችው እርከን የሰማችው የአባቷ ጩኸት ነበር። መሮጥ አማራት፤ ከተቀመጠችበትም ብድግ አለች። ከዚያ መልሳ ተቀመጠች። ሁለተኛውን ቋጠሮ ፈታችው።

አፋፉ በዋይታ ተናወጠ። አንዱ «ልቧ ድንጋይ ነው!» ብሎ ሰደባት። እሷ አንገቷን ደፍታ ጠፍሩን ጠመጠመች፣ በጭኖቿ መካከል አሳለፈች፣ ሦስተኛውን ቋጠረች።

«ሙጪት፣ ሳቢው።»

ሙጪት እያለቀሰች ቋጥኙን ረግጣ ሳበችው። ንቅንቅ አላለም።

«ልቀቁኝ።»

ስድስቱ ሴቶች ገመዱን ያዙ። ከኋላቸው፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ «አንይዝም» ብለው የማሉት ወንዶች መጥተው ጨበጡት።

ደብሪቱ የሚጨስ ኩበትና ቆልማማ በትር በእጇ፣ ትርፍ ገመድና ጠፍር በትከሻዋ፣ ሁለት ስልቻ በጀርባዋ አድርጋ ወረደች። እርከኗ ትይዩ ስትደርስ ተወዛውዛ በቆልማማ በትሯ የቁጥቋጦውን ግንድ ሳበችና ቆመች። ንቦቹን በጭሱ አበረደቻቸው። ባሻ ከንፈሩ አብጦ አንድ ዓይኑ በእብጠት ተሸፍኗል፤ ሌላኛውን ግን እንዳያት በሰፊው ከፍቶ እግሯን አቀፈው።

«አውጪኝ! አሁኑኑ አውጪኝ!»

«መጀመሪያ እንታጠቃለን።»

«ቶሎ በይ!»

«ቶሎውን አየነው እኮ ባሻ» አለችው፤ ጠፍሩን ወገቡ ላይ መጠምጠም ጀመረች። ሰውየው ይንቀጠቀጣል፤ የሚንቀጠቀጥ ሰው ደግሞ ለማስታጠቅ አይመችም። ስለዚህ ጨዋታ አመጣች። «ስንት ልጅ አለዎት?»

«አራት። አይ፣ አምስት! አምስት ነው!»

«የመጀመሪያዋ ማን ትባላለች?»

«ጥሩወርቅ። አሥር ዓመቷ ነው። ስትስቅ ጉንጯ ይሰረጉዳል።»

«አደግድጋ ትቀበልዎታለች በሉኛ።»

«እንዴታ! በር ላይ ነው የምትጠብቀኝ» አለ፤ ትንፋሹ ትንሽ ተመለሰ። ቋጠሮው አለቀ። ደብሪቱ ፈታችው። ባሻ አፉን ከፈተ፤ ግን አልጮኸም። እንደገና ቋጠረችው። ባሻ ወደ ታች ወደ ሸለቆው አየ፣ ወደ ወገቡም አየ።

«ፍቺው» አላት በለሆሳስ። «ፍቺውና እንደገና ቋጥሪው።»

ደብሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሦስተኛውን ቋጠረችለት፤ ራሱ በእጁ ሁለት ጊዜ ሳበው። ከዚያ ወደ ላይ ጮኸች፤ ከላይ የተጣለውን ገመድ በበትሯ ስባ ከትርፉ ጋር አያይዛ ባሻን ሰደደችው። አፋፉ ላይ ሲደርስ ለመቆም አልቻለም፤ እመት አጥናፏ ጭንቅላቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የንብ መርፌ ይነቅሉለት ጀመር።

«ደብሪቱ! አንቺን እንሳብ?» አሉ ከላይ።

«ቆዩ እንጂ!» አለች። «ማሩ መቼ ተቆረጠ?»

አፋፉ ላይ ያለው ሰው እርስ በርሱ ተያየና በሳቅ ፈነዳ። ደብሪቱ የንቦቹን ድርሻ ትታ፣ የበሰለ የበሰለውን ቆርጣ ሁለቱን ስልቻ ሞላች፤ ስልቻዎቹ ወጡ። ራሷ የምትወጣበት ተራ ሲደርስ ባሻ ቸኮል ከእመት አጥናፏ ጉልበት ተነሣ። ቃሉን ማንም አላስታወሰውም፤ ሁሉም በድንጋጤ ረስቶት ነበር። በአንድ ዓይኑ እየተመራ ሄዶ ከስድስቱ ሴቶች ፊት ቆመና ገመዱን ጨበጠ። ደብሪቱ አፋፉን ይዛ ቀና ስትል መጀመሪያ ያየችው የሱን ያበጠ ፊት ነበር። እልልታው ከሸለቆው ማዶ ተሰማ ይላሉ። አያ ክንዴ እንኳ ከደጁ መደብ ላይ ሆኖ፣ ምን እንደተፈጠረ ሳያውቅ አብሮ እልል አለ።

ያን ቀን ባሻ ቁጭ ብሎ በላ፤ ጠላውንም በአፉ ጠጣ። ማሩን ጭኖ ሲሄድ በቅሎዋ ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየችው፤ እንዲህ በእርጋታ ሲነዳት አታውቅምና።

ጥር ሲገባ ሦስት በቅሎ ወደ ወፍ አፋፍ ተላከ፤ አንዱ ለደብሪቱ፣ አንዱ ለሙጪት፣ አንዱ ለእመት አጥናፏ። በሰርጉ ዳስ ደጃዝማቹ ጠጁን ቀመሱና፣ «ይህ ማር ከየት መጣ? ማንስ ቆረጠው?» አሉ። ባሻ ተነሥቶ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ማሩን ያወጣችው እኔን ከገደል ያወጣችው ሴት ናት» አለ። ከዚያ ሁሉን ተናገረ፤ ራሱን አንዲት ነገር አልማረም። እርካቡን፣ ውርርዱን፣ ጭሱን፣ ብቻውን የወጣውን ድግ ሲያወራ ዳሱ በሳቅ ተንጫጫ። ደብሪቱን በእጁ ሲያመለክት ግን ሳቁ ቆመ፤ ሰዉ እሷን ለማየት አንገቱን አሰገገ።

ደጃዝማቹ ወደሳቸው አቀረቧት። «ምን ላድርግልሽ?»

«ጌታዬ፣ ምንም አልጎደለኝም» አለች። «ገደሌን ብቻ ሰው አይንካብኝ።»

«ንብ ገደል የደብሪቱና ደብሪቱ ያስተማረችው ሰው ነው» አሉ። ጭቃ ሹም ዳምጤ ከሁሉ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። ደብሪቱም ከዚያ በኋላ በዘመኗ አሥራ አንድ ሰው አስተማረች፤ ሰባቱ ሴቶች፣ አራቱ ወንዶች። ከወንዶቹ አንዱ የጭቃ ሹሙ ወንድም ነው፤ ሦስት ጊዜ መቋጠር እስኪለምድ ድረስ አንድ ዓመት ገመድ ብቻ አስዳሰሰችው። ከአሥራ አንዱ አንድም የወደቀ የለም።

ሰርጉ ላይ ግን ደጃዝማቹ አንድ ነገር አልገባ አላቸው። ወደ ባሻ ዞር ብለው፣ «አንተ ሰው፣ ስንት ዘመቻ አብረን ታጥቀን ድግህ ሲፈታ አላየሁም። ያን ቀን ምን ነካው? አሮጌ ነበር?» አሉት።

«አዲስ ነበር ጌታዬ።»

«ገመዱ ነው?»

«ገመዱስ ደህና ነበር።»

«እንግዲያው ንቡ ነዋ!»

ባሻ መሬት መሬቱን አየ። ያኔ እመት አጥናፏ ብርሌያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡና፣ «ደጃዝማች፣ ገመዱንም ንቡንም አይክሰሱብኝ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ።